ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መዝገብ በመንግሥት እጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ያወጣ ሰው ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሱቅ ያለው፣ ማታ ነዳጅ ማደያ የሚሠራው፣ የቀኑን ሽያጭ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ያስበዋል። ፎርሙን ሊሞላ ሲቀመጥ ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። ስሜና አድራሻዬ የት ነው የሚገባው? ማን ያየዋል? ከታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ዙሪያ ናቸው። መሣሪያ መያዝ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፈቃድ ሳወጣ ስለ እኔ ምን ምን ይመዘገባል?

እንደ ስቴቱ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቤት አድራሻና የሰውነት መልክ አብዛኛው ቦታ ይጠየቃል። ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ማመልከቻው ኤስፒ-248 የሚባል ፎርም ነው። የሚገባው ለፖሊስ ሳይሆን ለሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ለነዋሪዎቿ የጣት አሻራ አትጠይቅም። ሜሪላንድ ሲሆን የሚያመለክቱት ለስቴት ፖሊስ ነው። አሻራ ይሰጣሉ፤ የ16 ሰዓት ሥልጠናም አለው።

ኒውዮርክ ከሁለቱም ጠለቅ ብላ ትገባለች። ስለ ጠባይዎ የሚመሰክሩ 4 ሰዎች፣ የትዳር ጓደኛዎ፣ አብረዎት የሚኖሩ አዋቂዎች ስም ሁሉ ይጠየቃል። በ2022 ያወጣችው ሕግ ያለፉትን 3 ዓመታት የሶሻል ሚዲያ አካውንቶችዎን ጭምር ዘርዝሩ ይል ነበር። በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያ ክፍል እንዳይሠራ የተጣለውን እገዳ አጽንቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የሚመዘገበው አመልካቹ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ነክተው የማያውቁ ባለቤትዎና እህትዎም እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት ቤት ውስጥ ይነጋገሩ።

ይህን መዝገብ ማንም ሰው ጠይቆ ማየት ይችላል?

በአብዛኞቹ የእኛ ሰዎች በሚበዙባቸው ቦታዎች፣ አይችልም።

በቨርጂኒያ ከ2013 ጀምሮ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የአመልካቹን ስምና በማመልከቻው ላይ ያለውን መረጃ ከሕዝብ እንዲደብቅ ሕጉ ያዛል። ለሕግ አስከባሪ ግን ክፍት ነው። ሜሪላንድም የፈቃድ መዝገቦችን ለውጭ ሰው አሳልፎ እንዳይሰጥ ትከለክላለች። ዲሲም እንደዚሁ። ዋሽንግተን ስቴት፣ ማለትም ሲያትልና አካባቢዋ፣ ማመልከቻዎቹን ከሕዝብ መረጃ ሕጓ ውጭ አድርጋለች። ቴክሳስ በ2007 ዘግታዋለች።

ጆርጂያ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄዳለች። ፈቃዱን የሚሰጠው የየካውንቲው ፕሮቤት ፍርድ ቤት ነው። በ2014 የወጣው ሕግ የብዙ ካውንቲዎችን ባለፈቃዶች በአንድ ላይ የሚያጠራቅም ዳታቤዝ እንዳይኖር ይከለክላል። ይህ በጣም ይስማማኛል። ያልተጠራቀመ ነገር በአንድ ሌሊት ተጠራርጎ አይወጣም።

ኒውዮርክ ለየት ትላለች። መነሻ ሕጓ የባለፈቃዱን ስምና አድራሻ የሕዝብ መረጃ ያደርገዋል። በ2013 ግን ባለፈቃዱ ስሜ አይውጣ ብሎ እንዲጠይቅ መንገድ ተከፈተ። ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። ፖሊስ የነበረ፣ የጥበቃ ትእዛዝ ያለው፣ በወንጀል ጉዳይ ምስክር ወይም ጁሪ የሆነ፣ ለራሱም ሆነ ለቤተሰቡ ሕይወት የሚሰጋ፣ ሰዎች ያስቸግሩኛል ብሎ የሚፈራ ሁሉ መጠየቅ ይችላል። ኒውዮርክ ከሆኑ ይህን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር አብረው ያስገቡ። በኋላ አደርገዋለሁ ብለው አያሳድሩት።

ስጋቱ ከየት መጣ? በእርግጥ የደረሰ ነገር አለ?

አለ። ሁለቱን ልንገራችሁ።

መጋቢት 2007 ሮኖክ ታይምስ የተባለው የቨርጂኒያ ጋዜጣ ከስቴቱ ፖሊስ ያገኘውን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ለቀቀው። ከ135,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት። ጋዜጣው ያደረገው የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት የሚለውን መርህ ለማሳየት ነበር። በማግሥቱ አወረደው። ከሚደበድባቸው ሰው ሸሽተው አድራሻ የቀየሩ ሴቶች ዝርዝሩ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይታወሳል። ታኅሣሥ 2012፣ የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በተፈጸመ በቀናት ውስጥ፣ ጆርናል ኒውስ የተባለ የኒውዮርክ ጋዜጣ ካርታ አወጣ። የዌስትቼስተርና የሮክላንድ ካውንቲ የሽጉጥ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በነጥብ ተቀምጠዋል። ነጥቧን ሲጫኗት የሰውዬው ስምና የቤቱ አድራሻ ይወጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈለገ። የፈቀደው ሕጉ ራሱ ስለነበር ጋዜጣው ያደረገው ሕገ ወጥ አልነበረም። ሦስተኛዋ ካውንቲ ፑትናም ግን ዝርዝሩን አልሰጥም አለች።

ቁጣው ተመልሶ ጋዜጠኞቹ ላይ መጣ። የእነሱንም የቤት አድራሻ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በተኑት። ጋዜጣው ቢሮውን የሚጠብቁ የታጠቁ ዘበኞች ቀጠረ። ጥር 2013 ስቴቱ አዲሱን ሕግ ሲያወጣ ካርታው ወረደ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ካርታውን ያወጡትም፣ የጋዜጠኞቹን አድራሻ የበተኑትም የተጠቀሙት የሌላውን ሰው የቤት በር ነው። በር ላይ የሚደርስ መረጃ በማንም እጅ ይሁን፣ የሚያስፈራው ያው ነው።

ሌባ ሽጉጥ ያለበትን ቤት ይሸሻል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ዝርዝሩ ቢወጣ ምን አለበት?

ይህን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ቦታው ሜምፊስ፣ ቴኔሲ ነው። በ2008 መጨረሻ ኮሜርሻል አፒል የተባለው ጋዜጣ የስቴቱን ባለፈቃዶች በኦንላይን መፈለጊያ አወጣ። የካርኔጊ ሜለኑ አለሳንድሮ አኩዊስቲና የኤምአይቲዋ ካትሪን ታከር ከዚያ በፊትና በኋላ የተፈጸመውን የቤት ስርቆት በዚፕ ኮድ አነጻጸሩ። ባለፈቃድ በበዛበት ዚፕ ኮድ ስርቆቱ ቀነሰ። ባለፈቃድ ባነሰበት ጨመረ።

ስለዚህ አዎ፣ የሚሸሽ ሌባ አለ። ግን ወዴት ሸሸ? ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ወደሌሉት ሰዎች። ዝርዝሩ ሲወጣ መሣሪያ የሌለው ሰውም ምስጢሩ ይወጣል። የተጻፈው ያለው ሰው ቢሆንም ያልተጻፈው ሰው የለውም ማለት ነውና። ይህ ጉዳይ የመሣሪያ ወዳጆች ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ነው የማነሳው። መሣሪያ የማይፈልግ ጎረቤታቸውም ያገባዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤቱ ሥራ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሌባ የሚፈልገው ሽጉጡን ራሱን ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ የሚውል ሰው ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ለማወቅ ጥበብ አይጠይቅም።

ቴኔሲም በ2013 መዝገቡን ዘጋች።

የእኔ ስቴት ዝግ ነው። እንግዲህ መተኛት እችላለሁ?

ካሊፎርኒያ የሆነውን ይመልከቱና ራስዎ ይፍረዱ።

ሰኔ 27 ቀን 2022 የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለ መሣሪያ አኃዛዊ መረጃ የሚያሳይ አዲስ ገጽ ከፈተ። ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ የሕገ መንግሥት መብት ነው ያለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ (ብሩን የሚባለው) ከወጣ 4 ቀን ብቻ ሆኖታል። ዓላማው ግልጽነት ነበር፤ ግራፎች፣ ቁጥሮች፣ በየካውንቲው ስንት ፈቃድ እንደተሰጠ። ግን ከግራፉ ጀርባ ያለው ጥሬ መረጃ አልተቆለፈም ነበር። ገብቶ የነካካ ሰው ሁሉንም ማውረድ ቻለ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቤት አድራሻ፣ ጾታ፣ ዘር፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የፈቃዱ ዓይነት። ዳኛ የሆነው ዳኛ መሆኑ ጭምር ይታያል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን አልነበረበትም።

ገጹ የቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው። በኋላ በገለልተኛ የሕግ ቢሮ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ወደ 192,000 ሰዎች ተነክተዋል። መረጃው ከ507 የተለያዩ የኢንተርኔት አድራሻዎች 2,734 ጊዜ ወርዷል። ምርመራው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አላለም። የሥልጠናና የቁጥጥር ጉድለት ነው ያለው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሮብ ቦንታ ይቅርታ ጠየቁ፤ ለተጎጂዎች የክሬዲት ክትትል ተሰጣቸው።

ዝርዝሩ ውስጥ የነበሩት ፈቃድ ያገኙ ብቻ አልነበሩም። አመልክተው የተከለከሉም ነበሩበት። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አመልክቶ የተወ ሰው፣ ዛሬ ሽጉጥ የሌለው ሰው፣ አድራሻው ወጣ። ክሬዲት ክትትል ለዚህ ምን ይፈይዳል? የባንክ ካርድ ይቀየራል። ቤት ግን እንደ ካርድ አይቀየርም።

ሕግ በር ይዘጋል። ቸልተኝነትን ግን አይከለክልም። ለዚህ ነው ስቴቶች አድራሻን ከስም ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ የተከለከሉና ጊዜያቸው ያለፈ ማመልከቻዎችንም እንዲደመስሱ መጠየቅ ያለብን። ለሕዝብ እንደራሴዎ የሚጽፉ ከሆነ ስለ እነዚህ ሁለቱ ይጻፉ።

ከ192,000 ስም ውስጥ የእኔን ማን ይፈልጋል?

የእኛ ስም እንደ ሌላው ስም በብዛት ውስጥ አይደበቅም። ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው በአንድ ካውንቲ በርካታ ሊሆን ይችላል። የእርስዎን ስምና የአባትዎን ስም አንድ ላይ ጉግል ላይ ቢጽፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። የሰፈሩ ሰውም ያውቅዎታል። የዕቁብ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ስክሪን ሾት ቢጥል ማታውኑ ሁሉም ጋር ይደርሳል። በትዳር ፍቺ ላይ ያሉ፣ በንግድ ሽርክና የተጣሉ ሰዎች ይህን አቅልለው ማየት የለባቸውም።

ከጥቃት ሸሽተው አድራሻዎን የደበቁ ከሆነ ደግሞ ብዙ ስቴቶች ምትክ አድራሻ የሚሰጥ ፕሮግራም አላቸው። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ሴፍ አት ሆም ይሉታል። ቨርጂኒያም የራሷ አላት። ከማመልከትዎ በፊት በዚያ ይመዝገቡ። ከዚያም ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይህን አድራሻ እንዴት እንደሚቀበል ይጠይቁ። የቤት ውስጥ ጥቃት ድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች በዚህ ይረዳሉ።

የፌዴራል መንግሥት የሁላችንም ስም ዝርዝር አለው ይባላል። እውነት ነው?

አንድ የተጠቃለለ የመሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ ማቋቋም በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ደብቆ የመያዝ ፈቃድም የስቴት ጉዳይ ነው።

መሣሪያ ሲገዙ ሻጩ የጀርባ ታሪክዎን ኒክስ በሚባለው የኤፍቢአይ ሥርዓት ያስጣራል። ይህ ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው። ሽያጩ ከተፈቀደ የገዢው መለያ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። እርስዎ የሞሉት 4473 የሚባለው ፎርም ግን ሻጩ ጋር ይቀመጣል። ሱቁ ሲዘጋ ወረቀቱ ኤቲኤፍ ወደሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ማርቲንስበርግ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ማዕከል ይላካል። እዚያ ወረቀቶቹ በምስል ይቀመጣሉ። በሰው ስም መፈለግ ግን እንዳይቻል ተደርጓል። ወንጀል የተፈጸመበት መሣሪያ ሲገኝ ሠራተኞቹ ከመሣሪያው ተነስተው ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ወረቀቱ ይሄዳሉ።

ይህ አሠራር አድካሚ ነው፤ ፖሊሶችም ያማርራሉ። እኔ ግን ሆን ተብሎ አድካሚ መደረጉን እደግፋለሁ።

አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው ቢያቀብለውስ?

ዋናው ስጋት ይህ ይመስለኛል። ዝርዝሩ ለአንድ ሥራ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ሚዙሪ ውስጥ በ2013 ከፍተኛ ግርግር ተነስቶ ነበር። የስቴቱ ፖሊስ ከ160,000 በላይ ባለፈቃዶችን የያዘ ዝርዝር ለሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር መርማሪ ሰጥቶ ተገኘ። ዓላማው በአእምሮ ሕመም ምክንያት አካል ጉዳት የሚከፈላቸውን ሰዎች ስም ከባለፈቃዶቹ ጋር ማመሳከር ነበር። ፈቃዱን የሚያወጣው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ በሥሩ የነበረው የስቴቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሥራ ለቀቁ። ስቴቱም ፈቃዱን ከመንጃ ፈቃድ ቢሮ አውጥቶ ለየካውንቲው ሸሪፍ ሰጠ።

ሃዋይ ደግሞ በ2017 መጨረሻ የሆኖሉሉ ፖሊስ ለ30 ሰዎች ደብዳቤ ላከ። የሕክምና ማሪዋና ተጠቃሚዎች መዝገብ ላይ ነበሩ፤ የመሣሪያ ምዝገባም ነበራቸው። በ30 ቀን ውስጥ መሣሪያችሁን አስረክቡ ተባሉ። ሕዝቡ ሲጮህ ፖሊስ ትእዛዙን አነሳ። ግን ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን ታየ።

ይህ ለእኛ ሰዎች ቅርብ ነው። በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሣሪያ መያዝ አይችልም። 4473 ፎርም ላይም ይጠየቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ በአንደኛው መደብ የተከለከለ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚቅም ሰው ፎርሙ ላይ አልጠቀምም ብሎ ሲፈርም ምን እየፈረመ እንደሆነ ማወቅ አለበት። እዚያ ላይ መዋሸት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። ይህ የሕግ ክፍል በፍርድ ቤቶች ብዙ እያከራከረ ነው። ክርክሩ ሲያበቃ ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ የሚፈርሙት ወረቀት ይቆያል።

ፖሊስ መኪናዬን ሲያስቆም ፈቃድ እንዳለኝ ያያል?

ብዙ ቦታ ያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ የፈቃዱ መኖር የስቴቱ ፖሊስ የመረጃ መረብ ውስጥ ይገባል፤ ፖሊስ ሲያጣራ ይወጣለታል። ፖሊስ ሲጠይቅዎት ፈቃዱንና መታወቂያዎን ማሳየት አለብዎት። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ካስቆመዎት መያዝዎን ራስዎ መናገር ይጠበቅብዎታል።

ጥቁር ለሆንን ሰዎች ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሐምሌ 2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል ፈቃድ ነበረው። መሣሪያ እንደያዘም ለፖሊሱ በትህትና ተናገረ። እዚያው መኪናው ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ፤ ፖሊሱ በፍርድ ቤት ነፃ ወጣ። ስለዚህ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ የውስጥ መብራት በርቶ፣ ከመናገር በፊት አለመንቀሳቀስ። ኪስ ወይም ዳሽቦርድ ከመክፈትዎ በፊት ምን ሊያወጡ እንደሆነ ይንገሩትና እሺ እስኪልዎት ይጠብቁ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ፈቃዱ ኢሚግሬሽን ላይ ችግር ያመጣል?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። ቨርጂኒያም ፈቃድ ትሰጠዋለች። ፈቃድ መውሰድ በራሱ ጥፋት አይደለም። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉና ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችሉም። እነሱ ማመልከቻ ማስገባት የለባቸውም። ስምና አድራሻቸውን በገዛ እጃቸው ለመንግሥት እየሰጡ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ሌላ ቦታ ነው። የመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንዳለ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ምሳ ሊበላ ቢገባ ወንጀል ሠርቷል። ለዜጋው የፍርድ ቤት ጣጣ ነው። ለግሪን ካርዱ ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው። ያለዎትን ወረቀት ይዘው ኢሚግሬሽንም ወንጀልም የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ የአንዱ ብቻ አይበቃም።

አባቴ "መሣሪያህን አታስመዝግብ" ይሉኛል። የድሮ ሰው ፍርሃት አይደለም?

ፍርሃታቸውን አይናቁት። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደርግ ቤት ለቤት አሰሳ ሲያደርግ ቀበሌው ማን የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር። መሣሪያ ፍለጋ ተብሎ የተገባባቸው ቤቶች ብዙ ልጆች አጥተዋል። ያንን ያየ ሰው ስም ዝርዝር ሲባል የሚታየው ኮምፒውተር አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት አለ፣ ሕግ አለ፤ ነገሩ አንድ አይደለም። ግን አባትዎ የሚያነሱት ጥያቄ ልክ ነው። ዛሬ ዝርዝሩን የያዘው መልካም ሰው ቢሆን፣ ነገ የሚረከበው ማን ነው? ሕግ አውጪዎችም መመለስ ያለባቸው እሱን ነው።

ታዲያ ሁሉም ይዘጋ ነው የሚሉት? ጋዜጠኛ እንዴት ይቆጣጠር?

አይደለም። እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን መናገር እፈልጋለሁ።

በ2007 ሰን ሴንቲኔል የተባለው የፍሎሪዳ ጋዜጣ የባለፈቃዶችን ዝርዝር ከወንጀል መዝገብ ጋር አመሳከረ። ከባድ ወንጀል ተከሰው ጥፋታችንን እናምናለን ወይም አንከራከርም ያሉ ከ1,400 በላይ ሰዎች ፈቃድ ይዘው አገኘ። ዝርዝሩ ባይኖረው ይህን ማወቅ አይችልም ነበር። ፍሎሪዳ ግን ጋዜጣው ዝርዝሩን ካገኘ በኋላ፣ በ2006፣ መዝገቡን ዘግታው ነበር።

ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ ካውንቲ፣ ሸሪፍ ላውሪ ስሚዝ ፈቃድ የሚሰጡት ለፖለቲካ ደጋፊዎቻቸው ነው ተብለው ተከሰሱ። ጥቅምት 2022 መጨረሻ ሥራ ለቀቁ። ኅዳር ላይ ጁሪው በሙስናና በሥልጣን ያለአግባብ መጠቀም ጥፋተኛ ናቸው አለ። ፈቃድ ማን እንዳገኘ ጨርሶ የማይታይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ አድልዎ ተሸፍኖ ይቀራል። እንዲህ ባለው አድልዎ መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ዘመድና ገንዘብ የሌለው መጤ ነው።

እኔ የምለው ስም ይዘጋ፣ ቁጥር ይከፈት ነው። ቴክሳስ ስሙን ዘግታ በየዓመቱ ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንቱ እንደተከለከለ በዘር፣ በጾታ፣ በዚፕ ኮድ ታወጣለች። በዚያ ላይ ሙሉውን መዝገብ የሚያይ ገለልተኛ ኦዲተር ቢጨመር ከላይ ያሉት ሁለቱም ጉዳዮች ይያዙ ነበር። የማንም ቤት ካርታ ላይ ሳይወጣ።

ፈቃድ በማይጠየቅበት ስቴት ብኖር ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ?

በከፊል። እስከ 2024 ድረስ 29 ስቴቶች መሣሪያ መያዝ የሚችል አዋቂ ያለ ፈቃድ ደብቆ እንዲይዝ ፈቅደዋል። ቴክሳስና ጆርጂያም አሉበት። ፈቃድ ካላወጡ የፈቃድ መዝገብ የለም። ግን ወደ ሌላ ስቴት ሲሻገሩ ፈቃዱ ያስፈልግዎታል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በፈቃደኝነት ያወጣዋል።

መንግሥትን ብቻ ነው መፍራት ያለብኝ?

አይደለም። በ2024 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት አንድ ጉድ አወጣ። የመሣሪያ አምራቾች ደንበኞቻቸው በዋስትና ካርድ ላይ የሞሉትን መረጃ ለዓመታት ለኢንዱስትሪው ማኅበር በምስጢር ሲሰጡ ኖረዋል። ማኅበሩም ለምርጫ ቅስቀሳ ተጠቀመበት። የመንግሥትን መዝገብ አጥብቀው የሚቃወሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በጣም ያሳዝነኛል።

የዋስትና ካርዱን አለመሙላት መብትዎ ነው። ፌስቡክ ላይ ከሽጉጥ ጋር ፎቶ አይለጥፉ። መኪናዎ ላይም የመሣሪያ ስቲከር አይኑር።

መረጃዎ አፈትልኮ ወጥቷል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። እላዩ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። ምን ምን እንደወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። አድራሻ ብቻ ነው ወይስ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርም?

ክሬዲትዎን በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ያስቆልፉ። ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው። የሚሸሹት ሰው ካለ፣ የጥበቃ ትእዛዝ ካለዎት፣ በዚያው ቀን ለጠበቃዎ ወይም ለሚረዳዎት ድርጅት ይንገሩ። ለቤተሰብዎም ይንገሩ፤ የማያውቁት ሰው በር ቢያንኳኳ ልጆቹ እንዳይከፍቱ።

ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ሳጥኑም ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ይታሰር። መሳቢያ ውስጥ ያለ ሽጉጥ በደቂቃ ይወሰዳል። ላዩ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ጽፈው ከቤት ውጭ የሚያምኑት ሰው ጋር ያስቀምጡ። ቢሰረቅ ፖሊስ የሚጠይቅዎት እሱን ነው፤ በቃሉ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።